የዶሮ ቀለምና የተደበቀው ዘር

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዚህ እትም ትምህርት ስለ ዶሮ ቀለም ነው። ርዕሱን አይቶ ፈገግ የሚል ይኖራል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዶሮ ተራ የቆመ ሰው ግን ገዢ ዶሮውን አንሥቶ በእጁ ሳይመዝን በፊት ቀለሙን እንደሚያይ ያውቃል። ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ኮክማ፣ ዥግርማ እያልን ለየላባው ስም አውጥተናል። ዋጋውም ከስሙ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ከመካከላችን ቤተሰቡ ጓሮ ዶሮ የሚያረባ ብዙ ነው። ከምረቃ በኋላ በዚሁ ሥራ ለመጀመር የሚያስብም አለ። ስለዚህ ሦስት ነገር ማወቅ ይጠቅመናል፦ ቀለም ከየት ይመጣል? በቀለም መርጦ ማርባት ምን ችግር አለው? ድንበሩስ የት ላይ ነው?

1. ቀለም ከአላህ ምልክቶች አንዱ ነው

በሱራ ፋጢር አንቀጽ 27 እና 28 አላህ (ሱ.ወ) በዝናብ ስለሚበቅሉት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ይነግረናል። ቀጥሎ በተራሮች ላይ ስላሉት ነጭ፣ ቀይና እጅግ የጠቆሩ መስመሮች ይናገራል። ከዚያም ሰዎች፣ ተንቀሳቃሾችና የቤት እንስሳትም እንዲሁ ቀለማቸው የተለያየ መሆኑን ያነሣል። ወዲያው የሚከተለው አላህን ከባሮቹ መካከል የሚፈሩት ዐዋቂዎች መሆናቸውን የሚገልጸው ክፍል ነው። የቀለም ልዩነትን ማስተዋልና ዕውቀት አንድ ቦታ መጠቀሳቸው ሊያልፈን አይገባም።

በሱራ አን-ነሕል አንቀጽ 6 ደግሞ ከብቶች ማታ ሲገቡና ጠዋት ሲሰማሩ ለባለቤታቸው ውበት እንዳላቸው ተጠቅሷል። በአንቀጽ 8 ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ለመጓጓዣም ለጌጥም እንደተፈጠሩ ተነግሯል። ስለዚህ በእንስሳ ውበት መደሰት፣ የሚያምረውን መምረጥና ማርባት በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዑድሒያ ያረዷቸው ሁለት በጎች ቀንዳሞችና ነጭ ከጥቁር የተቀላቀለባቸው እንደነበሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

2. የገጠሩ ሰው ጥያቄ

ከዘር ውርስ ጋር የሚገናኝ አንድ ሐዲሥ አለ። አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከበኑ ፈዛራ ጎሣ የሆነ አንድ የገጠር ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደችለት ተናገረ። ጥርጣሬ አድሮበት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት፤ አሉኝ አለ። ቀለማቸውን ጠየቁት፤ ቀያዮች ናቸው አለ። ከመካከላቸው አመድማ ይኖር እንደሆነ ጠየቁት፤ አዎ አለ። ያ ቀለም ከየት መጣ ሲሉት ምናልባት ከቀድሞ ዘሩ የሳበው ይሆናል ብሎ መለሰ። የልጅህም ነገር እንደዚያው ሊሆን ይችላል አሉት።

የዚህ ሐዲሥ ዓላማ የባዮሎጂ ትምህርት መስጠት አይደለም። ሰውየው በቀለም ብቻ ተነሥቶ ሚስቱን እንዳይጠረጥርና ልጁን እንዳይክድ የሚጠብቅ ፍርድ ነው። ግን መንገዱን ልብ በሉ። ሰውየው መልሱን ራሱ ያውቀው ነበር። ከቀያይ ግመሎች አመድማ እንደሚወለድ በመንጋው አይቷል። በእንስሳቱ ላይ ያየውን በሚስቱ ላይ ግን አላሰበውም። በእንስሳ ላይ የተማርነውን ወደ ሕይወታችን ማምጣት የሚባለው ይህ ነው።

3. የማይታየው ዘር እንዴት ይሠራል

ግሪጎር ሜንዴል የአተር ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ በ1866 ነው። ሕጉ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ያሳየው እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን ሲሆን በ1902 ለዚህ የተጠቀመው ዶሮን ነበር። የሕጉ መሠረት አጭር ነው። ጫጩት ለአብዛኛው ጠባይ ሁለት ጂን ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። አንዳንዱ ጂን ገዢ ነው፤ ብቻውን ቢሆንም ይታያል። ሌላው ድብቅ ነው፤ ካልተጣመረ አይታይም።

ነጭ ላባን እንውሰድ። ነጭነት በዶሮ ውስጥ ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። አንዱ ዓይነት ድብቅ ነው። ሁለት ባለቀለም ወላጆች ይህን ጂን አንድ አንድ ከያዙ በአማካይ ከ4 ጫጩቶች 1 ነጭ ይወጣል። ይህ የገጠሩ ሰው አመድማ ግመል ዓይነት ነገር ነው። የነጭ ሌግሆርን ነጭነት ግን ገዢ ነው። ከባለቀለም ዶሮ ጋር ሲዳቀል ጫጩቶቹ በአብዛኛው ነጭ ይሆናሉ፤ ጥቂት ጠቃጠቆ ሊኖርባቸው ይችላል። ከነጩ ላባ ሥር ግን ሌላ ቀለም ተሸፍኖ ይኖራል። ስለዚህ ሁለት ነጭ ዶሮ ለዓይን አንድ ቢመስልም በዘሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ቀለም ከጾታ ጋር ይሄዳል። በሰው ሁለት የተለያየ የጾታ ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ነው፤ በዶሮ ግን ሴቷ ናት። በአገራችን በሰፊው የተሠራጨው ቦቫንስ ብራውን የተባለው እንቁላል ጣይ ዝርያ በዚህ ይጠቀማል። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉበት ቀን ሴቶቹ ቡኒ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ስለሆኑ በቀለም ይለያሉ። ይህ ግን የሚሠራው ለአንድ ትውልድ ነው። እነዚያኑ እህትና ወንድም አዳቅሎ ተመሳሳይ ጫጩት የሚጠብቅ ሰው ቀለሙም ጾታውም ይዘበራረቅበታል።

ጨርሶ የማይጸና ቀለምም አለ። በቀድሞዋ አንደሉስ ምድር ስም የሚጠራው ሰማያዊ የአንዳሉሲያ ዶሮ እንዲህ ነው። ሰማያዊ ከሰማያዊ ሲዳቀል በአማካይ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ደግሞ ጠብታ ያለበት ነጭ ይወጣል። ምንም ያህል ትውልድ ቢመረጥ ስሌቱ አይለወጥም።

4. ድርብ የአናት ሥጋ የሚያስከፍለው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በአገራችን ገዢዎች ከላባ ቀለም ቀጥሎ የሚያዩት በአውራ ዶሮው አናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ነው። ነጠላ ከሆነው ይልቅ ድርብ የሆነው ይወደዳል፣ ዋጋውም ይሻላል። አርቢው ታዲያ ምን ያደርጋል? ነጠላውን ይሸጣል ወይም ያርዳል፤ ድርቡን ለዘር ያስቀራል። ልጁንም የልጅ ልጁንም እንዲሁ።

ድርብ ከምንላቸው ዓይነቶች አንዱ በሳይንስ ሮዝ ይባላል። ገዢ ጂን ነው። እ.ኤ.አ በ2012 የታተመ ጥናት ምንጩን አሳይቷል። በዶሮው ክሮሞዞም ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገልብጦ ተቀምጧል። የተገለበጠው ቁራጭ አንደኛው ጫፍ የአናት ሥጋውን ቅርጽ ይለውጣል። ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ለወንድ ዘር ፍሬ እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ሌላ ጂን ያበላሻል። ጂኑን በአንድ ወገን ብቻ የያዘ አውራ ዶሮ ችግር የለበትም። ከአባትም ከእናትም የወሰደው ግን የማስረገዝ አቅሙ ይቀንሳል።

እንግዲህ ለውበት ሲባል ከትውልድ ትውልድ ድርብ ከድርብ ጋር ብቻ ያዳቀለ አርቢ መጨረሻው ምን ይሆናል? እንቁላሉ ይታቀፋል፤ 21 ቀን ይጠበቃል፤ ግማሹ ወና ይወጣል። ያን ጊዜ ወቅቱ ይወቀሳል፣ ጎረቤት ይጠረጠራል፣ ዓይን በላው ይባላል። ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲሥ የተረጋገጠ ነው። ምርመራ ሳያደርጉ ሰውን መጠርጠር ግን የገጠሩ ሰው ሊወድቅበት የነበረው ጉድጓድ ነው። ምክንያቱ ያለው በራሱ በአርቢው ምርጫ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንገቱ መላጣ የሆነ ዶሮ ለዓይን ስለማይማርክ ብዙ ሰው አይፈልገውም። ነገር ግን ላባው አነስተኛ ስለሆነ የሰውነቱን ሙቀት በቀላሉ ያወጣል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ታች ባለው ቆላ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዓይናችን የናቀው ለቦታው የተሻለው ሊሆን ይችላል።

5. በሌላው ዓለም የሆነው

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ሌፐርድ ጌኮ የተባለ የእንሽላሊት ዓይነት በቤታቸው ያሳድጋሉ። አርቢዎች አዲስ ቀለምና አዲስ ነጠብጣብ ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ፤ አዲስ ዓይነት የያዘ ሰው በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣል። ስለ ወዘግ በሶሒሕ ሙስሊም የመጣውን ሐዲሥ የሚያውቅ አንባቢ ለምን ይህን እንስሳ አነሣህ ሊል ይችላል። ያነሣሁት ለማሳደግ ለመምከር ሳይሆን በቀለም ፉክክር ምን እንደሚደርስ ጉልህ ምሳሌ ስለሆነ ነው።

ሌመን ፍሮስት የተባለ በጣም የሚያምር ቢጫና ነጣ ያለ ዓይነት ተገኘ፤ አርቢዎችም ተሻሙበት። ቆይቶ ብዙዎቹ ከነጭ የቀለም ሴሎቻቸው የሚነሣ ዕጢ እንደሚያወጡ ታወቀ። እ.ኤ.አ በ2021 የታተመ ጥናት ከእነዚህ እንስሳት ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት ዕጢ እንደሚያወጡና ከውበቱም ከሕመሙም ጀርባ አንድ የጂን ሥፍራ እንዳለ አሳየ። ኤኒግማ የተባለው ሌላ ዓይነት ደግሞ ሚዛኑን ይስታል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ክብ እየሠራ ይዞራል። ዓይን የገዛው ውበት እንስሳውን አሳመመው ማለት ነው።

6. ሦስቱ ድንበሮች

አንደኛው የእንስሳው ጤና ነው። በዑድሒያ ቀለም ቢመረጥ መልካም ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይበቁም ያሏቸው ግን አንድ ዓይናነቱ፣ ሕመሙ፣ አንካሳነቱ ግልጽ የሆነውንና ቅልጥም እስኪያጣ የከሳውን ነው። አራቱም ስለ ጤናና አካል ናቸው፤ ስለ ቀለም የሚናገር አንድም የለም። ሸሪዓ እንስሳን እንዴት እንደምናይ በዚህ ቅደም ተከተል ያስተምረናል፦ ጤና ይቀድማል፣ ውበት ይከተላል። ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የመጣውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቃለን። ሴትዮዋ የተቀጣችው በእጇ ያለችውን ነፍስ አማና ስላጓደለች ነው። ታማሚ መሆኑን እያወቅን ለቀለሙ ብለን የምናራባውም በእጃችን ያለ ነፍስ ነው። ቀለሙ እንደጠበቅነው ያልወጣ ጫጩትም አይጣልም፤ ያድጋል፣ እንቁላል ይጥላል፣ ለምግብ ይሆናል።

ሁለተኛው ተውሒድ ነው። በአካባቢያችን ለቀለም የሚከፈለው ዋጋ ሁሉ ከውበት የመጣ አይደለም። ጠንቋይ ለታማሚ ቀይ፣ ገብስማ ወይም ነቁጥ የሌለበት ጥቁር ዶሮ አምጣ ብሎ ያዝዛል፤ ለዛር፣ ለውቃቢ፣ ለአድባር ይታረዳል። ይህን በመንደራችን ያልሰማ ጥቂት ነው። በሱራ አል-አንዓም አንቀጽ 162 ሶላትም መሥዋዕትም ሕይወትም ሞትም ለአላህ ብቻ እንደሆነ ተነግሯል። ከአላህ ውጭ ላለ የሚያርድ እንደተረገመ ሙስሊም ከዐሊይ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። በሱራ አል-ማኢዳ አንቀጽ 103 ደግሞ አላህ ያልደነገገውን ቅድስና ሰዎች ለእንስሳት እንደፈጠሩ ይነግረናል። በላባ ቀለም ላይ የተሰቀለው እምነትም ከዚያው ወገን ነው። ቀለም የሜላኒን ሥራ ነው፤ ጂንን አያስታርቅም፣ በሽታን አያስወግድም።

እዚህ ላይ ነጋዴው ይጠይቃል፦ ገዢውን ሁሉ ለምን ትገዛለህ እያልኩ ልመርምር? አይደለም። የሰውን ልብ መመርመር አልታዘዝንም። ገዢው ለዛር እንደሆነ ራሱ ከነገረህ ግን በሱራ አል-ማኢዳ አንቀጽ 2 በኃጢአት ላይ እንዳንተባበር ታዘናል። ዑለማዎች ወይን ፍሬን አስካሪ መጠጥ እንደሚያደርገው ለታወቀ ሰው ስለመሸጥ የተናገሩት እዚህም ይሠራል። ይህ ገበያ ያዋጣል ብሎ አስቦ በዚያ ቀለም መንጋ ማቋቋምማ ኑሮን በሺርክ ላይ መገንባት ነው።

ሦስተኛው የሽያጭ እውነተኝነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወተቷ የበዛ እንዲመስል ሳይታለቡ የቆዩ እንስሳትን መሸጥን ከልክለዋል። በመልክ ማታለል ማለት ይህ ነው። የቦቫንስ ብራውን ልጆችን እንደ እናታቸው ይጥላሉ ብሎ መሸጥ፣ እንቁላሉ ወና የሚወጣበትን አውራ ለዘር ነው ብሎ መሸጥ፣ የማይጸና ቀለምን ይጸናል ማለት ከዚያ አይለይም።

7. ለሚያረባ ሰው

በትንሽ መንጋ የሚጀምር ሰው እነዚህን ቢይዝ ኢንሻአላህ ይጠቀማል።

• መጀመሪያ በጤና፣ በእንቁላልና በጫጩት አስተዳደግ ይምረጥ። ከተረፉት መካከል በቀለም ይምረጥ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጥ።

• ለ8 ወይም ለ10 ሴት አንድ አውራ ይበቃል። አውራ ሲቀይር ግን ሴቷ የቀድሞውን ዘር ፍሬ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት በሰውነቷ ስለምታቆይ፣ ከዚያ በፊት የተጣለው እንቁላል የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይህን ሳያውቅ የቀለም መዝገብ የሚይዝ ሰው ይሳሳታል።

• አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ እያዳቀለ ቀለም ለማጽናት አይሞክር። የአባትና የልጅ ጫጩት ከጂን ሥፍራዎቹ በአማካይ ሩቡን ከአንድ ምንጭ በጥንድ ይይዛል። ድብቁ ቀለም ሲወጣ ድብቁ በሽታም አብሮ ይወጣል። ከጎረቤት ጋር አውራ መለዋወጥ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

• ድርብ አናት ያለው አውራ ካለው ነጠላ አናት ካላቸው ሴቶች ጋር ያዳቅለው። ከጫጩቶቹ አንድ እንኳ ነጠላ ከወጣ አውራው ጂኑን በአንድ ወገን ብቻ ይዟል፤ ለዘር ይሆናል። 10 ጫጩት አድጎ ሁሉም ድርብ ከሆነ በሁለቱም ወገን የመያዙ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። አንድ ጂን ብቻ ያለው አውራ ይህን ውጤት በአጋጣሚ የሚሰጠው ከ1024 ጊዜ አንድ ጊዜ ነውና። በዚህ ጊዜ ለዘር ልጆቹን ይጠቀም።

• ነጠላ አናት ያላቸውን ሴቶች ገበያ ስላልወደዳቸው ሁሉንም አይሸጥ። የመንጋው ጤና መጠባበቂያ እነሱ ናቸው።

• በደብተር ይጻፍ፦ የእናት፣ የአባት፣ የታቀፈው እንቁላል ብዛት፣ የተፈለፈለው ብዛት፣ ቀለም፣ የሞተው። በደሴ ግቢ ግብርናና እንስሳት ሕክምና የምትማሩ፣ በኮምቦልቻ ግቢ ቴክኖሎጂ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች ለቤተሰቦቻችሁ እንዲህ ያለ መዝገብ ብታዘጋጁ ዕውቀታችሁ ሰደቃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በሱራ አል-በቀራ ከአንቀጽ 67 እስከ 71 የበኒ ኢስራኢል ላም ታሪክ አለ። አንዲት ላም እንዲያርዱ ታዘዙ። ያገኙትን ቢያርዱ ይበቃቸው ነበር። እነሱ ግን ዕድሜዋን ጠየቁ፤ ቀለሟን ጠየቁ፤ ተመልካችን የምታስደስት ደማቅ ቢጫ ናት ተባሉ፤ አሁንም ጠየቁ። በጠየቁ ቁጥር ጠበበባቸው፤ ላይፈጽሙት ተቃርበው ነበር። ቢጫዋ ላም ማማሯ እውነት ነው፤ ትእዛዙ ግን ቀለሟ አልነበረም።

እኛም ዶሮ ስንገዛ፣ ስናረባ፣ ስንሸጥ ቀለሙን እንይ፤ የፈጣሪው ምልክት ነውና። በዚያው ላይ ግን አንቁም። ከላባው ሥር የተደበቀ ዘር አለ፤ ከዘሩ ጋር የሚሄድ ጤና አለ፤ ከጤናው ጋር የምንጠየቅበት አማና አለ።

ለሐለቃ ውይይት

1. በሰፈራችሁ የትኛው የዶሮ ቀለም ይወደዳል? ምክንያቱ ውበት ነው ወይስ እምነት? ለቤተሰብ በጥበብ እንዴት ይነገራል?

2. የገጠሩ ሰው ከግመሎቹ ያወቀውን ለቤቱ አላሰበውም ነበር። በትምህርት ያገኘነውና ለሕይወታችን ያላሰብነው ምን አለ?

3. ገዢው ለጠንቋይ እንደሚወስደው ቢነግራችሁና የቤተሰቡ ወርኃዊ ገቢ በዚያ ሽያጭ ላይ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ?

ወላሁ አዕለም። አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባወቅነውም ይጥቀመን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።